ኬሞ ከደም ሥር ውጪ ሲፈስ፦ የጎጃም ነርሶችና አስታማሚዎች ደጋግመው የሚጠይቁን

ቀድሞ ከጎጃም ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) የታዘዘለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ አንድ ነበር። አባይ በረሃን ወርዶ፣ ወጥቶ፣ ጥቁር አንበሳ ድረስ። ዛሬ ከሞጣም ከቡሬም የተነሳ ታካሚ ባሕር ዳር ላይ መድኃኒቱን ያገኛል። ትልቅ ነገር ነው። ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የመጣ ሥራ ግን አለ። እሱን ደግሞ ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት በቅጡ አልተማርነውም፤ ዋርድ ላይ ከቀደመን ሰው እያየን ነው የያዝነው።

እኔ ኬሞ የምሰጥ ነርስ ነኝ። ከታች ያሉት አዲስ የሚመደቡ ልጆችና ታካሚ ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች የሚጠይቁኝ ናቸው። ካየሁት ስህተት አብዛኛው የመጣው ለግሉኮስ ከለመደ እጅ ነው። የኔም እጅ ከነሱ አንዱ ነበር። እሱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ግሉኮስም እኮ እጅ ያሳብጣል። ኬሞ ምን የተለየ ነገር አለው?

ያሳብጣል፣ ልክ ነው። ሳላይን (የጨው ውኃው) ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ቢገባ እጁ ይነፋል፣ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የምናስገባው ቀጭን ቱቦ) ይነቀላል፣ በማግስቱ እብጠቱ የለም። (40 በመቶውን ግሉኮስ እዚህ ውስጥ አትቁጠሩት። እሱም ሲፈስ ሥጋ ያቆስላል።) አንዳንድ ኬሞ ግን የነካውን ሥጋ ይገድላል።

ዶክሶሩቢሲንን እንውሰድ። ታካሚዎቻችን «ቀዩ መድኃኒት» የሚሉት ነው፤ ከወሰዱ በኋላ ሽንታቸውን ስለሚያቀላው ይታወሳቸዋል። ይህ መድኃኒት ሴል ውስጥ ገብቶ ዲኤንኤው ላይ ይጣበቃል። ሴሉ ሲሞት መድኃኒቱ አብሮ አይጠፋም። ይለቀቅና ጎረቤቱ ያለው ሴል ውስጥ ይገባል። ያም ይሞታል። በዚህ ምክንያት ቁስሉ ለሳምንታት ቀስ እያለ ይሰፋል፣ ይጠልቃል። ሲከፋ ጅማት ይነካል፣ ጣት አልታጠፍ ይላል። በጤፍ አጨዳና በእንጀራ ምጣድ ለሚኖር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ሰው አላስረዳም።

በእጅ ደም ሥር ኬሞ ከሚወስዱ ሰዎች ይህ የሚደርስባቸው ከ0.1 እስከ 6 በመቶ እንደሚሆኑ በሙያው ጽሑፎች ይጠቀሳል። የቁጥሩ ስፋት ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። አንዱ ቦታ ከሌላው እጅግ ያነሰ የሚሆነው መድኃኒቱ ተለይቶ ብቻ አይደለም፤ የሚሰጠው እጅም ይለያያል።

ሁሉም ኬሞ እንዲህ ያቆስላል?

አያቆስልም። በሦስት ከፍላችሁ ያዙት። የመጀመሪያዎቹ ቬሲካንት ይባላሉ፤ ቆዳ የሚያሳብጡ፣ ውኃ የሚያስቋጥሩ፣ ሥጋ የሚገድሉ ናቸው። ዶክሶሩቢሲን፣ ዳውኖሩቢሲን፣ ኤፒሩቢሲን፣ ቪንክሪስቲን፣ ቪንብላስቲን፣ ዳክቲኖማይሲን፣ ማይቶማይሲን። ሁለተኛዎቹ ያቃጥላሉ፣ ደም ሥሩን ያሳምማሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ቁስል አይተዉም፦ ኢቶፖሳይድ፣ ካርቦፕላቲን። ሦስተኛዎቹ ቢፈሱም እምብዛም ጉዳት የላቸውም፦ ሜቶትሬክሴት፣ ብሊዮማይሲን፣ ሳይታራቢን።

በመሃል የሚዋዥቁ አሉ። ፓክሊታክሴልን አንዱ መመሪያ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ይመድበዋል። ሲስፕላቲን ደግሞ ብዙና የወፈረ ሆኖ ከፈሰሰ ያቆስላል። እኔ የምጠራጠረውን ሁሉ እንደ ቬሲካንት ነው የምይዘው።

ካኑላውን የት ላድርግ? ደም ሥሩ የታየኝ ቦታ አይበቃም?

አይበቃም። ከመፍሰስ በኋላ ከምንሯሯጠው ሁሉ ይልቅ ይህች ደቂቃ ትበልጣለች።

የሚመረጠው ከእጅ አንጓ በላይ፣ ከክርን በታች ያለው ክንድ ነው። እዚያ ሥጋ አለ፣ ደም ሥሩ ቀጥ ይላል፣ ሰውየው ሲንቀሳቀስ ካኑላው አይናወጥም። የእጅ ጀርባ ላይ ደም ሥር ጎልቶ ስለሚታይ ሁላችንም እንፈተናለን። ግን እዚያ ከቆዳው ሥር ወዲያው ጅማት ነው። የእጅ አንጓም እንዲሁ። የክርን እጥፋትን ደግሞ ለቬሲካንት ተዉት፤ እዚያ ብዙ መድኃኒት ፈሶ እንኳ እብጠቱ ጠልቆ ስለሚቀመጥ በጊዜ አታዩትም። እግር ላይ አታድርጉ። የጡት ቀዶ ሕክምና ያደረገች ሴት ብብቷ ውስጥ ያሉት ንፍፊቶች ከተወገዱ በዚያ ወገን ያለውን እጅ አትንኩ።

ከዚያ የሚቀጥለው የካኑላው ነገር ነው። ከሌሊት ጀምሮ አንቲባዮቲክ ሲወርድበት ያደረ ካኑላ አለ እንበል። ታካሚው «ይኸው እኮ አለ፣ ደግሞ ልትወጊኝ ነው?» ይላል። ያሳዝናል፣ ግን ይወጋ። ለቬሲካንት አዲስ ካኑላ ነው። ትልቅ ደም ሥር ውስጥ ትንሽ ካኑላ፤ ሰማያዊው 22 ወይም ቢጫው 24 ይበቃል። ደሙ በጎኑ እየፈሰሰ መድኃኒቱን እያቀጠነ ይወስድለታል። ቢራቢሮ የምንለውን የብረት መርፌ አትጠቀሙ፤ ሰውየው እጁን ባነሳ ቁጥር ደም ሥሩን ይበሳል።

አንድ ጊዜ ወግታችሁ ካመለጣችሁ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው በታች አታድርጉ። ወደ ልብ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቀደደ ቀዳዳ ትታችሁ ነው መድኃኒት የምትልኩት። ወይ ከላይ ሂዱ፣ ወይ ሌላውን እጅ ያዙ። ሁለት ጊዜ ሞክራችሁ ካልሆነ ሌላ ሰው ጥሩ። ይህ ማፈሪያ አይደለም። ማፈሪያው ሦስተኛው ነው።

ፕላስተሩ ደግሞ ካኑላው የገባበትን ቦታ አይሸፍን። ብርሃን የሚያሳልፈው ከሌለ ከላይና ከታች ለጥፋችሁ መሃሉን ክፍት ተዉት።

ሲሪንጁን ስስብ ደም ከመለሰልኝ ደህና ነኝ ማለት ነው?

ግማሽ ደህና ናችሁ። ደም እየመለሰም መድኃኒት ሊፈስ ይችላል፤ የካኑላው ጫፍ ከፊሉ ውስጥ፣ ከፊሉ ውጪ ሲሆን። ስለዚህ ደም መመለሱን፣ ሳላይኑ በነፃነት መውረዱን፣ ቦታው አለማበጡንና ሰውየው የሚለውን አንድ ላይ ነው የምታዩት። በሲሪንጅ ስትሰጡ ሳላይኑ ከጎን እየወረደ ቀስ ብላችሁ ግፉ፤ በየ2 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ቆም ብላችሁ ደም መመለሱን እዩ። የመግፋት ኃይል መጨመር ካስፈለጋችሁ አትግፉ። ነገር አለ።

ቪንክሪስቲንን በትንሽ የሳላይን ከረጢት አቅጥኖ መስጠት ነው የሚመከረው። ምክንያቱ ሌላ ነው፤ በሲሪንጅ የተቀዳ ቪንክሪስቲን በስህተት ወደ አከርካሪ ከተሰጠ ይገድላል። ከረጢቱን ስትሰጡ አጠገቡ ቆማችሁ ጠብቁ። በእጅ ደም ሥር ለሚሰጥ ቬሲካንት ፓምፕ አትጠቀሙ። ፓምፕ ሥጋ ውስጥም ቢሆን መግፋቱን አይተውም።

መጽሐፉ «መቅላት» ይላል። እኛ ቆዳ ላይ መቅላት በየት ይታያል?

ይህን የጠየቀችኝ ልጅ በሥራ ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። በጣም ወደድኳት። መጻሕፍቱ የተጻፉት ነጭ ቆዳ እያዩ ነው። ጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱን ከጠበቃችሁ ትዘገያላችሁ። ቆዳው ማብረቅረቅ ይጀምራል፣ ይወጠራል። በጣት ጀርባ ስትነኩት ከሌላው ቦታ ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል። ጫን ስትሉት ጠጠር ይላል። ቆይቶ ይጠቁራል ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል። እና ሁልጊዜ ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አወዳድሩ። በመስኮት ብርሃን ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ።

ፈሰሰ ብዬ ጠረጠርኩ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

አቁሙ። ግን አትንቀሉ።

የኔን ልንገራችሁ። ከቢቸና በኩል የመጡ አንድ እናት ቀዩን መድኃኒት እየሰጠኋቸው ነበር። ሳላይኑ ይወርዳል፤ እኔ በመስመሩ መግቢያ በኩል እገፋለሁ። ሐምሌ ነው፣ ይበርዳል። እጃቸውን እስከ ጣታቸው በጋቢ ሸፍነውታል። እኔም አልገለጥኩም። ሲሪንጁ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ። ከንፈራቸውን ነክሰዋል።

«እማማ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ ልጄ። ትንሽ ነው የሚለበልበኝ። ሥራሽን ሥሪ።»

ጋቢውን ስገልጥ ካኑላው አጠገብ የሳንቲም ያህል ቦታ ተነፍቷል፣ ያብረቀርቃል። ያኔ እጄ ምን አደረገ? ካኑላውን ነቀለ፣ በጥጥ ያዘ፣ አሸት አሸት አደረገ። ለግሉኮስ አሥር ዓመት የሠራ እጅ ነዋ። በሁለት ሴኮንድ ሁለት ስህተት።

መሆን የነበረበት ይህ ነው። መግፋቱን ታቆማላችሁ፤ ሳላይኑንም ትዘጋላችሁ። መስመሩን ከካኑላው ታላቅቃላችሁ። ባዶ ሲሪንጅ ካኑላው ላይ ገጥማችሁ የምትችሉትን ያህል መድኃኒት ቀስ ብላችሁ ትስባላችሁ። ጥቂት ጠብታም ብትሆን ከዚያ መውጣቷ ጥሩ ነው። በሳላይን «ለማጠብ» አትሞክሩ፤ ሥጋ ውስጥ ያለውን ገፍታችሁ ታሰፉታላችሁ። ካኑላው የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አትጫኑት፣ አትሹት። የእብጠቱን ዳር በእስክሪብቶ ዙሩበት፣ ሰዓት ጻፉበት። እጁን ትራስ ላይ ከፍ አድርጉ። ሐኪሙን ጥሩ። ይህን ስታደርጉ ጓንታችሁ እጃችሁ ላይ ይሁን፤ የምትስቡት ኬሞ ነው።

በረዶ ነው ወይስ ሙቅ?

ብዙ የሚጨቃጨቁበት ጥያቄ ነው። ዋርድ ላይ «እብጠት ሲሆን ሙቅ ውኃ» የሚል የቆየ ልማድ አለን። መልሱ እንደ መድኃኒቱ ነው።

ለዶክሶሩቢሲንና ለዘመዶቹ (ለዳውኖሩቢሲንና ለኤፒሩቢሲን) ቀዝቃዛ ነው። ብርዱ ደም ሥሩን ያጠብቃል፣ መድኃኒቱ ባለበት ይቆያል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን አራት ጊዜ፣ ለአንድ ሁለት ቀን። ለቪንክሪስቲንና ለቪንብላስቲን ተቃራኒው ነው፤ ደረቅ ሙቀት። መድኃኒቱ ተበትኖ እንዲቀጥን ነው የምትፈልጉት። ቪንክሪስቲን ላይ በረዶ ማድረግ ጉዳቱን ያባብሳል። ኦክሳሊፕላቲን የሚባለው ኬሞም በረዶ አይወድም፤ መድኃኒቱ ራሱ ነርቭን ለብርድ ስስ ያደርጋል።

ደረቅ ያልኩት እንዲሰመርበት ነው። የተነከረ ፎጣ ቆዳውን ያረጥበዋል፣ ይልጠዋል። የሞቀ ውኃ በጎማ ከረጢት ይሆናል። በረዶ ከሌለ ደግሞ የላስቲክ ጓንት ውኃ ሞልታችሁ፣ ቋጥራችሁ ፍሪዘር ውስጥ አኑሩ። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ማድረግ እንጂ በረዶውን ራቁቱን ቆዳ ላይ አይደለም። መብራት ስለሚጠፋ ጠዋት ስትገቡ ጓንቱ ውኃ መሆን አለመሆኑን እዩ። ከትንንሽ ነገሮች ውስጥ ይህ አንዱ ነው፣ ግን በዚያች ሰዓት ነው የሚታወሰው።

ማርከሻ አለው?

ለአንዳንዶቹ አለ። ለዶክሶሩቢሲን ዓይነቶቹ ዴክስራዞክሴን የሚባል አለ። ከፈሰሰ በ6 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። በሌላው እጅ ይሰጣል፣ ሦስት ቀን ተከታትሎ። ከመጀመሩ 15 ደቂቃ በፊት በረዶው ይነሳል፤ መድኃኒቱ ወደ ቦታው ደም ይዞት መድረስ አለበትና። ውድ ነው፣ በየዋርዱ መደርደሪያ ላይ የምታገኙት አይደለም። እሱ ከሌለ ዲኤምኤስኦ የሚባለውን ፈሳሽ ቆዳው ላይ በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ ቢያንስ ለ7 ቀን መቀባት ይመከራል። ይደርቅ እንጂ አይታሰር። ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጉ። ለቪንክሪስቲን ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል መድኃኒት ዙሪያውን ይወጋል። ሁሉም በሐኪም ትእዛዝ ነው።

ሃይድሮኮርቲዞን ቦታው ላይ መውጋት ሲደረግ አይቻለሁ። ይጠቅማል የሚያሰኝ ነገር የለውም። ተዉት።

ደም ሥሩን ተከትሎ መስመር ካወጣስ? ፈሷል ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። ዶክሶሩቢሲን ሲሰጥ በደም ሥሩ መንገድ ላይ እንደ ዱላ ምልክት ያለ መስመር ሊወጣ፣ ሊያሳክክ፣ ትንንሽ ሽፍታ ሊታይ ይችላል። እንደ አለርጂ ነው። ደም ይመልሳል፣ እብጠት የለም፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ውስጥ ይከስማል። መፍሰስ ግን ካኑላው ዙሪያ ነው የሚያብጠው። ማቃጠሉም በማሳከክ ብቻ አያበቃም። መለየት ካልቻላችሁ አቁማችሁ ሰው ጥሩ።

ቻርት ላይ ብጽፈው ጥፋቴ አይሆንም?

ይህን ፍርሃት አውቀዋለሁ። የጠቀስኳቸው እናት ላይ በፈሰሰበት ዕለት እኔም እስክሪብቶውን ይዤ ቆሜ ነበር። ግን ቁስሉ በዚያ ቀን አይታይም። ውኃ የሚቋጥረው በቀናት፣ የሚከፈተው በሳምንታት ውስጥ ነው። ሰውየው ያኔ ሲመለስ ተረኛው ሌላ ነው፤ ምን እንደፈሰሰ አያውቅም። የመድኃኒቱን ስም፣ ምን ያህል እንደገባ፣ ካኑላው የት እንደነበር፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ታካሚው ያለውን በራሱ ቃል፣ ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉ። በፈቃዱ ፎቶ አንሱ፣ ፊት አይግባበት።

ከአስታማሚ፦ ቤት ሄደን ቅቤ ብንቀባው፣ ፌጦ ብናደርግበትስ?

እባካችሁ ይቅር። ቅቤም፣ ፌጦም፣ የሞቀ ቅጠልም። ጠበልም የተከፈተ ቁስል ላይ አይፍሰስ፤ መጠጣቱን ሐኪማችሁን ጠይቃችሁ አድርጉ። ለሁለት ቀን እጃቸው ከፍ ብሎ ይረፍ፤ ከዚያ ጣታቸውን እያጠፉ እየዘረጉ ያንቀሳቅሱ፣ እንዳይደርቅ። ፀሐይ አያግኘው። ጥብቅ ያለ አምባር ወይም እጅጌ አይደረግ።

ውኃ ከቋጠረ አታፍርጡት። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ቆዳው ከጠቆረ፣ ጣት ከደነዘዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ የቀጠሮ ቀን አትጠብቁ። ነርሶቹ መድኃኒቱንና ቀኑን የጻፉበትን ወረቀት ይስጧችሁ፤ ጤና ጣቢያም ብትሄዱ ያሳዩት። ቁስሉ ካልደረቀ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ያየዋል፤ አንዳንዴ የሞተውን ሥጋ አንስቶ ሌላ ቆዳ ይለጠፋል።

ቀጣዩ ዙር ኬሞ ይቀራል?

ብዙውን ጊዜ አይቀርም፣ በሌላው እጅ ይሰጣል። ያ የቆሰለው ቦታ ግን በሌላ እጅ ዶክሶሩቢሲን ሲገባ እንደገና ሊቀላና ሊያም ይችላል። አትደንግጡ፣ ለሐኪሙ ንገሩ።

ታካሚው ሲያመው ካልተናገረኝ ምን ላድርግ?

የቢቸናዋ እናት ቁስል ተከፍቶ ሁለት ወር ገደማ ፈጅቶ ነው የደረቀው። ጣታቸው ይታጠፋል፤ ጠባሳ ግን ትቷል። ሲመለሱ «ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ስንቱን ችዬ እዚህ የደረስኩ፣ በዚህች ላስቸግርሽ?» አሉኝ።

ሕፃን፣ እንቅልፍ የያዘው ሰው፣ ስኳር ነርቩን የጎዳው ሰው መናገር ስለማይችል ወይም ስለማይሰማው ዓይናችሁን አታንሱበት። ትልቅ ሰው ግን ይሰማዋል፣ ያፍራል። «ካመመዎት ይንገሩኝ» ብትሉት «እሺ» ብሎ ዝም ነው። እኔ አሁን ጋቢውን አስገልጬ፣ እጁን ትራስ ላይ አስቀምጬ፣ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ከዚያ እንዲህ ነው የምለው፦ «እማማ፣ ይህ መድኃኒት ሲሄድ አይለበልብም። ከለበለበ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ቶሎ ካልነገሩኝ አለቃዬ እኔን ነው የሚቆጣኝ።»

ያኔ ይናገራሉ።